ቅርጫትና ሽመና በሕክምና ቤት፦ የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

ኦኩፔሽናል ቴራፒ በበሽታ፣ በአደጋ ወይም በአእምሮ ሕመም የተነሣ መልበስ፣ መብላት፣ መሥራት ወይም ከሰው ጋር መዋል የከበደውን ሰው በራሱ በክንውን አማካይነት ወደ ኑሮው የሚመልስ ሙያ ነው። ሙያው ሲወለድ ዋና መሣሪያው የእጅ ሥራ ነበር። ስለዚሁ ጉዳይ ከደረሱን ጥያቄዎች ሰባቱን እዚህ መልሰናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ኦኩፔሽናል ቴራፒ የተጀመረው ቅርጫት በመሥራት ነው ይባላል። ሙያውን ለማናናቅ ሲባልም እሰማለሁ። እውነተኛው ታሪክ እንዴት ነው?» — የጤና ሳይንስ ተማሪ

መልስ፦ ቅርጫቱ ነበረ፤ መነሻው ግን እሱ አይደለም። ሥሩ ያለው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ በፓሪስ ሐኪሙ ፊሊፕ ፒኔል፣ በእንግሊዝ ዮርክ ከተማ ደግሞ ነጋዴው ዊልያም ቱክ የአእምሮ ሕሙማንን በሰንሰለት ማሰር ቀርቶ በአክብሮት እንዲያዙና ሥራ እንዲሰጣቸው አደረጉ። ቱክ በ1796 በከፈተው ተቋም ሕሙማኑ በአትክልት ቦታ፣ በስፌትና በቤት ውስጥ ሥራ ይሰማሩ ነበር። መቶ ዓመት ሳይሞላ ግን የአእምሮ ሕክምና ተቋማት ከአቅማቸው በላይ በሰው ተጨናነቁ። ሥራውም በብዙ ቦታ ወይ ቀረ፣ አለዚያ የተቋሙን እርሻና ልብስ ማጠቢያ በነፃ ጉልበት ማንቀሳቀሻ ሆነ።

በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ሁለት ነገሮች ተገናኙ። አንደኛው፣ ፋብሪካ የሰውን እጅ ከሥራው ለያይቶታል ብሎ የተነሣው የአርትስ ኤንድ ክራፍትስ ንቅናቄ ነው። ሁለተኛው «የነርቭ ድካም» ይባል በነበረው ሕመም ላይ የተነሣው ክርክር ነው። ለዚህ ሕመም አሜሪካዊው ሐኪም ዌር ሚቸል ያስፋፋው መድኃኒት ፍጹም ዕረፍት ነበር፤ ታማሚዋ ለሳምንታት አልጋ ላይ ትውላለች፤ ማንበብም መስፋትም ይከለከላል። በማሳቹሴትስ የማርብልሄድ ሐኪም የነበረው ኸርበርት ሆል ግን በ1904 ተቃራኒውን ጀመረ፤ ለሕሙማኑ የሽመናና የሸክላ ሥራ ክፍል ከፈተላቸው። በ1906 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ እንዲያጠና 1,000 ዶላር ሰጠው። የጥናቱ ቁም ነገር «ቀስ በቀስ እየከበደ የሚሄድ የእጅ ሥራ» የሚለው ነበር። ሥራው በአልጋ ላይ ይጀመራል፤ ከዚያ ወንበር ላይ፣ ከዚያ ወደ ሥራ ክፍሉ። ልብ ይበሉ፤ ሕክምናው ያለው «ቀስ በቀስ እየከበደ» በሚለው ላይ እንጂ በሸክላው ላይ አይደለም። የማርብልሄድ ሸክላ ክፍል ዕቃው እያማረ ሲሄድ ከሕክምናው ተነጥሎ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ገበያ የሚፈልገው እንከን የሌለው ማሰሮ ነው፤ ታማሚ የሚፈልገው ደግሞ ዛሬ የሚችለውን ሥራ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሄዱ እምብዛም አይታይም።

በዚያው ዘመን ነርሷ ሱዛን ትሬሲ በቦስተን የነርስ ተማሪዎችን የእጅ ሥራ ታስተምር ነበር። በ1910 ባሳተመችው መጽሐፍ ሥራዎቹን የመደበችው በዕቃው ዓይነት ሳይሆን በታማሚው ሁኔታ ነው፦ መንቀሳቀስ የተከለከለ፣ አንድ እጅ ብቻ ያለው፣ አእምሮው የደፈረሰ እያለች። ይህ አመዳደብ ዛሬም ትክክል ነው።

ሙያው በማኅበር ደረጃ የቆመው በመጋቢት 1917 በኒው ዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ በተባለች ከተማ ነው። ስብሰባውን የጠራው አርክቴክቱ ጆርጅ ባርተን ራሱ በሳንባ ነቀርሳና በግራ ጎኑ ሽባነት ተሠቃይቶ በአትክልትና በአናጢነት ሥራ ያገገመ ሰው ነበር። ቦታውም ለዚሁ ዓላማ ያደራጀው የራሱ ቤት ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ስድስት ሰዎች ነበሩ፦ ባርተን፣ የአእምሮ ሐኪሙ ዊልያም ራሽ ደንተን፣ በማኅበራዊ አገልግሎት የሠለጠነችው ኤሊኖር ክላርክ ስሌግል፣ የእጅ ሥራ መምህሯ ሱዛን ኮክስ ጆንሰን፣ በካናዳ የጦር ጉዳተኞችን የሙያ ሥልጠና ይመራ የነበረው ቶማስ ኪድነር እና ጸሐፊዋ ኢዛቤል ኒውተን። ትሬሲ በአካል ባትገኝም ከመሥራቾቹ ትቆጠራለች። በብሪታንያ የመጀመሪያውን የሙያ ትምህርት ቤት ሐኪሟ ኤልዛቤት ካሰን በ1930 በብሪስቶል ከፈተች። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1952 ተመሠረተ።

ማናናቂያውን በተመለከተ፣ ደንተን በ1918 ካወጣቸው መርሆች ሁለቱ በቂ መልስ ናቸው። አንዱ፣ የሥራው ዋና ዓላማ መዳን ይሁን ይላል። ሌላው፣ ለምንም የማይረባ ዕቃ የሚያስገኝ ሥራ እንኳ ሥራ ከመፍታት ይሻላል ይላል። ጠማማውን ቅርጫት አይቶ የሚስቅ ሰው የሚለካው ቅርጫቱን ነው። ባለሙያው የሚለካው ግን የሠራውን እጅ ነው።

ጥያቄ፦ «በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች በሽመናና በእንጨት ሥራ ይታከሙ እንደነበር አነበብኩ። ጨርቅ መሸመን የደረቀ ክርንን እንዴት ያፍታታል? በቀጥታ የአካል እንቅስቃሴ ማሠራት አይሻልም?» — የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

መልስ፦ እውነት ነው። የአሜሪካ ጦር በ1918 «የተሐድሶ ረዳቶች» ያላቸውን ሲቪል ሴቶች ቀጥሮ በአገር ውስጥና በፈረንሳይ ባሉ ሆስፒታሎች አሰማርቷል። በፈረንሳይ ላፎሽ የነበረው 117ኛው ቤዝ ሆስፒታል የጦርነት ድንጋጤ ያደረሰባቸውን ወታደሮች የሚቀበል ነበር። በዋሽንግተን ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያው በርድ ባልድዊን የመገጣጠሚያን መታጠፍና የጡንቻን ጉልበት እየለካ፣ ለየትኛው መገጣጠሚያ የትኛው የእጅ ሥራ እንደሚስማማ እየመዘገበ ይሠራ ነበር። የእጅ ሥራ በዲግሪ መለካት የጀመረው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

የሽመና ዕቃውን ቀረብ ብለው ይዩት። ሸማኔው መወርወሪያውን በድሩ መካከል ካሳለፈ በኋላ ማጉን የሚመታውን ክፈፍ ወደ ራሱ ይስባል፣ መልሶም ይገፋል። ይህ አንድ የክርን መታጠፍና መዘርጋት ነው። በአንድ ሳንቲ ሜትር 8 ማግ የሚገባበት ጨርቅ ከሆነ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ለመሸመን 240 ጊዜ መወርወርና ቢያንስ 240 ጊዜ መምታት ይጠይቃል። ክርንህን 240 ጊዜ እጠፍ የተባለ ቁስለኛ ሃያኛው ላይ ሕመሙን መቁጠር ይጀምራል። ሸማኔው ግን ዓይኑ ጨርቁ ላይ ነው።

ማስተካከያውም በእጅዎ ነው። ወንበሩን ወደ ዕቃው ካስጠጉት ክርኑ እንደታጠፈ ይሠራል፤ ካራቁት ለመዘርጋት ይገደዳል። ከክፈፉ ላይ ገመድ አስረው በመዘውር በኩል ክብደት ቢያንጠለጥሉ፣ ክብደቱ የት በኩል እንደሚስብ ማየት ያሻል። ከሸማኔው ወዲያ የሚስብ ከሆነ ወደ ራስ መሳብ ይከብዳል፤ ስለዚህ ክርን አጣፊዎቹ ይሠራሉ። ወደ ሸማኔው የሚስብ ከሆነ ደግሞ መግፋት ይከብዳል፤ ዘርጊዎቹ ይሠራሉ። በግማሽ ኪሎ ይጀምሩ። የጨመሩት ክብደት የማጉን አመታት ካዛነፈው በዝቷል ማለት ነው፤ ጨርቁ ራሱ ይነግርዎታል።

ዘወትር የሚበላሸው አንድ ቦታ ነው፦ ታማሚው ክርኑን ትቶ ወገቡን ያወዛውዛል። ሥራው ይቀጥላል፣ ጨርቁ ይረዝማል፣ ክርኑ ግን እንደደረቀ ነው። ስለዚህ ባለመደገፊያ ወንበር ይስጡት፤ ጀርባው ከመደገፊያው ሳይለቅ መምታት ካልቻለ ዕቃውን ያስጠጉለት። የመገጣጠሚያውን ማዕዘን ከሥራ በፊትና በኋላ በመለኪያ ለክተው ይመዝግቡ። ያልተለካ ሽመና ሕክምና መሆኑ ያበቃል።

ለሌሎች መገጣጠሚያዎችም ተመሳሳይ መንገድ ነበረ። በእግር ፔዳል የሚሠራው መጋዝ ለጉልበት ይውላል፤ እንደ ብስክሌት ሙሉ ዙር ለማዞር ጉልበት ወደ 110 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ ስላለበት፣ ለደረቀ ጉልበት ኮርቻውን ከፍ አድርጎ መጀመርና እያላላ ሲሄድ ዝቅ ማድረግ ነው። የብርጭቆ ወረቀት የተጠቀለለበትን እንጨት ወደ ላይ ባዘነበለ ሰሌዳ ላይ መግፋት ለትከሻ ነው፤ የሰሌዳው ማዘንበል በጨመረ ቁጥር ትከሻው ከፍ ይላል። በስትሮክ አንድ ጎኑ ለደከመ ሰው ሁለት መያዣ ያለው እንጨት ተሠርቶ ደህናው እጅ ደካማውን ይዞት ይሄዳል። የማተሚያ ፊደል መልቀም ለአውራ ጣትና ለጠቋሚ ጣት ቁንጠጣ ነው።

ጥያቄዎ የአካል እንቅስቃሴ አይሻልም ወይ ነው። አንድን ጡንቻ ለይቶ ለማሠራት እንቅስቃሴው ይበልጣል፤ በዚህ መከራከር አያስፈልግም። የእጅ ሥራው የሚበልጠው በድግግሞሽ፣ ለረጅም ጊዜ በመጽናትና ሁለቱን እጆች ከዓይን ጋር በማስማማት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ጠዋት እርስዎ ያፍታቱት፣ ከዚያ ሥራው ይጠቀምበት ነው። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የተሰፋ የጣት ጅማት ላይ ጭነት ያለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከ8ኛው ሳምንት በፊት አይጀመርም፤ ውሳኔውም የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ነው። ቀላል የሚመስል ቆንጣጭ ሥራ ገና ያልጠናውን ጅማት ይበጥሰዋል።

ጥያቄ፦ «በማገገሚያ ክፍላችን ከእንጨት መቀመጫ ላይ የሚነሣ ቅርጫት ማሠራት ጀምረናል። ወደ ላይ ሲሄድ እየጠበበ ይመጣል፣ ጠርዙ ላይ ይሰበራል፣ ሰዎቹም ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። የት ነው የምንሳሳተው?» — የማገገሚያ ክፍል ነርስ

መልስ፦ ከዝግጅቱ እንጀምር፤ ግማሹ ስህተት ታማሚው ሳይነካው የሚፈጸም ነው።

መቀመጫው 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ይሁን። ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው ክብ ያስምሩና 23 ቀዳዳ ይብሱ። ለምን 23? ቅርጫትን እንደ ሽመና ያስቡት፦ ቆመው የሚቀሩት ዘንጎች ቋሚዎች ናቸው፣ በመካከላቸው የሚመላለሰው ማግ ነው። አንድ ማግ አንዱን በፊት አንዱን በጀርባ እያለ ሲዞር በሁለተኛው ዙር መቀያየር የሚችለው የቋሚዎቹ ብዛት ጎደሎ ቁጥር ከሆነ ብቻ ነው። ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ከሆነ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ደግሞ ይሄዳል፣ ሽመናውም አይያያዝም። 21 ለምን አልሆነም ቢሉ፣ ከታች በሦስት ማግ የምንሠራው ማጠንከሪያ አለ፤ ብዛቱ ለሦስት የሚካፈል ከሆነ ዙሩ ልክ መነሻው ላይ ይገጥምና ደረጃ ያወጣል። 23 ሁለቱንም ችግር ያመልጣል። ኮምፓስዎን 17.7 ሚሊ ሜትር ከፍተው በክቡ ላይ ቢራመዱ 23ኛው መነሻው ላይ ያርፋል። ትንሽ ቢዛነፍ ልዩነቱን ለመጨረሻዎቹ አራት አምስት ክፍተቶች ያካፍሉት።

ዘንጉ ራታን ከሚባለው ተክል ውስጠኛ ክፍል የሚወጣው ነው። ለቋሚ 3 ሚሊ ሜትር፣ ለማግ 2 ሚሊ ሜትር፤ ቀዳዳው 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቋሚዎቹን 35 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ፦ ወደ 10 ከመቀመጫው በታች ለእግሩ፣ 10 ለቁመቱ፣ 15 ለላይኛው ጠርዝ። ቋሚዎቹን ለብ ባለ ውኃ ለ15 ደቂቃ፣ ማጉን ለ5 ደቂቃ ይንከሩና በእርጥብ ፎጣ ይጠቅልሏቸው። ደረቅ ዘንግ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ቀኑን ሙሉ የተነከረ ደግሞ ጸጉር ያወጣል፣ ይጠቁራልም።

ቋሚዎቹን ከታች 10 ሳንቲ ሜትር እንዲወጡ አድርገው በቀዳዳዎቹ ያስገቡ። እግሩን ሲሠሩ መቀመጫውን ይገልብጡት። እያንዳንዱን ቋሚ ወደ ቀኝ አጥፈው በሚቀጥለው ጀርባ፣ ከዚያ ወዲያ ባለው ፊት አሳልፈው ጫፉን ወደ ውስጥ ያሳርፉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ላላ አድርገው ይተዉ፤ የመጨረሻዎቹ ከሥራቸው ሾልከው መግባት አለባቸው። መግቢያ ከጠፋ ወስፌ ይከፍተዋል።

መቀመጫውን መልሰው በሦስት ማግ ሦስት ዙር ይሥሩ። በተራ የግራው ማግ ሁለት ቋሚ በፊት፣ አንድ በጀርባ ያልፋል። ይህ ቋሚዎቹን አቁሞ ይይዛል። ይህን ክፍል ለጀማሪ ታማሚ ባለሙያው ቢሠራለት ይመረጣል። ከዚያ ወደ አንድ ማግ ይሂዱ።

መጥበቡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰዎች ማጉን ይዘው ይስባሉ፤ የተሳበ ማግ ቋሚውን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። ትክክለኛው አያያዝ የግራ አውራ ጣት ከውስጥ፣ ጠቋሚ ጣት ከውጭ ሆነው ቋሚውን ቀጥ አድርገው ሲይዙ ቀኝ እጅ ማጉን ዙሪያውን መጫን ብቻ ነው። የሚታጠፈው ማጉ እንጂ ቋሚው አይደለም። ሦስት ዙር በሄዱ ቁጥር ማጉን በጣት ወደ ታች ይጫኑት። በሦስት ማግ የሠሩትን የታችኛውን ክፍል ዙሪያ ልክ የሚያህል የወረቀት ቀለበት አዘጋጅተው በየ3 ሳንቲ ሜትሩ አፉ ላይ ያጥልቁት። ቀለበቱ ከላላ ጠቧል፤ ወዲያው ሁለት ዙር መፍታት 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ በኋላ ከመጸጸት ይሻላል። ማጉ ሲያልቅ አዲሱንም አሮጌውንም ጫፍ ከውስጥ፣ አንድ ቋሚ ላይ አስደግፈው ያቆራርጡ። ጫፉን አሳጥረው ከቆረጡት ከቋሚው አልፎ ይወጣና ቀዳዳ ይከፍታል።

አንድ ማግ ልክ ከሥሩ ባለው ዙር ፊት በፊት ከሄደ፣ አንድ ቦታ ሁለት ቋሚ ታልፏል። ወደ ኋላ እየተከተሉ ይፈልጉት። ይህን ስህተት ታማሚው ራሱ ቢያገኘው ትልቅ ነገር ነው፤ ቀድመው አይጠቁሙት፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ።

ጠርዙ የሚሰበረው ከጀመሩት ቀናት ስላለፉና የቋሚዎቹ የላይ ጫፍ ስለደረቀ ነው። ቅርጫቱን ገልብጠው የቋሚዎቹን ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ለ10 ደቂቃ ይንከሩት። መታጠፊያውን በፒንሳ ቀስ ብለው ቆንጠጥ ካደረጉት በኋላ ያጥፉት።

ስለ ተስፋ መቁረጡም እንነጋገር። አንድ ሰዓት ማሠራት ለብዙዎች ይበዛል፤ በ20 ደቂቃ ይጀምሩ፣ የሚያቆሙትም ሥራው ሲሳካ እንጂ ሲጠላለፍ አይደለም። አንድ እጅ ብቻ ለሚሠራለት ሰው መቀመጫውን መካከሉ ላይ በምስማር ባዘነበለ ሰሌዳ ላይ ይቸንክሩት፤ እንዲዞርም በጣም አያጥብቁት። ውስጡ ላይ አንድ ኪሎ ድንጋይ ማስቀመጥም ይረዳል። ትኩረቱ ለሚበተን ሰው አንድ ቋሚ ዘልሎ አንዱን ቀለም ቢቀቡለት ፊትና ጀርባው አይምታታበትም፤ ብዛቱ ጎደሎ ስለሆነ ግን በየዙሩ ተራው ይገለበጣልና ይህን አስቀድመው ያስረዱት። እጁ የማይሰማው ሰው ጣቶቹን በየ10 ደቂቃው በዓይኑ እንዲያያቸው ያድርጉ፤ ጣቱ ውኃ የሚቋጥረው ሕመም ሳይሰማው ነው። ገና የዳነ የቃጠሎ ቆዳ ወይም ሽፍታ ያለበትን ሰው ከእርጥብ ዘንግ ያርቁ።

ጥያቄ፦ «ሩማቶይድ አርትራይቲስ አለብኝ። ሹራብ መሥራት እወዳለሁ፤ ጣትሽ ይጣመማል ተዪው አሉኝ። ልተወው?» — አንባቢ

መልስ፦ መተው የለብዎትም። መገጣጠሚያው አብጦ በሚያተኩስበት ሳምንት ግን ያቁሙ። ሹራብ የሚጎዳው በመንቀሳቀሱ ሳይሆን ጣቶች አንድ ሁኔታ ላይ ጨብጠው በመቆየታቸው፣ ክሩም ጣቶቹን ወደ ትንሿ ጣት በኩል በመሳቡ ነው። ወፍራም፣ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የቀርከሃ ወይም የእንጨት መሥሪያ ይምረጡ። በገመድ የተያያዘው ክብ መሥሪያ የሹራቡን ክብደት ጭንዎ ላይ ስለሚያሳርፍ የእጅ አንጓን ያሳርፋል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሠርተው እጅዎን ይዘርጉ፣ ጣቶችዎን ይበታትኑ። ሕመሙ ሥራውን ካቆሙ ከ1 እስከ 2 ሰዓት በኋላም ካልለቀቀ በዝቷልና በሚቀጥለው ቀን ጊዜውን በግማሽ ይቀንሱ። ኪሮሽ ቀጭን መንጠቆ አጥብቆ መቆንጠጥ ስለሚጠይቅ ለእርስዎ ከሹራብ ይከብዳል፤ ካልቀረ እጀታውን በስፖንጅ ያወፍሩት።

ጥያቄ፦ «ይህን ያህል ከጠቀመ የእጅ ሥራ ለምን ከሆስፒታሎች ጠፋ?» — የሥነ ጥበብ መምህር

መልስ፦ የጠፋው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ክሎርፕሮማዚንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የአእምሮ ሕሙማንን የሆስፒታል ቆይታ አሳጠሩት። ሦስት ሳምንት የሚወስድ ምንጣፍ ለአራት ቀን ለሚተኛ ሰው አይሆንም። ሕክምናውም በሚለካ ውጤት መጠየቅ ጀመረ፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ቅርጫቱ አሳፈራቸውና ወደ መሣሪያና ወደ ልምምድ ዞሩ። ይህ ሁሉ የሚገባ ነው።

ግን ሙያውም የራሱ ጥፋት አለበት፤ ይህን ሳንሸሽግ መናገር እንፈልጋለን። በብዙ ቦታ የእጅ ሥራው ማስተካከያውንና መለኪያውን ጥሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሚታደል ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ ነበር። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቅርጫት የሚሰጥ ክፍል የባልድዊንንም የትሬሲንም ሥራ አያውቅም። በ1961 አሜሪካዊቷ የሙያው ባለሙያ ሜሪ ራይሊ በታዋቂ ንግግሯ፣ ሰው በእጁ፣ በአእምሮውና በፈቃዱ አማካይነት በራሱ ጤና ላይ ለውጥ ማምጣት ይችላል የሚለውን የመሥራቾቹን እምነት መልሳ ያነሣችው ይህ ዓይነት መንሸራተት ስላሳሰባት ነው። የእጅ ሥራ ዛሬም በአእምሮ ጤና፣ በእጅ ሕክምናና በአረጋውያን እንክብካቤ ውስጥ አለ፤ ታማሚው ራሱ ሲመርጠውና ባለሙያው ለምን እንደሰጠው በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ሲችል ቦታው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ «በጠፍር የሚሰፋ ትንሽ ቆዳ ሰጥተው የሰውን የማሰብ ችሎታ ይለካሉ መባሉን ሰማሁ። ይቻላል?» — የሥነ ልቦና ተማሪ

መልስ፦ ይቻላል፤ በአሜሪካዊቷ ባለሙያ ክላውዲያ አለን የተዘጋጀው የጠፍር ስፌት መመዘኛ ነው። ዳር ዳሩ የተበሳ ቁራጭ ቆዳና አንዱ ገጽ ከሌላው በቀለም የሚለይ ጠፍር ይቀርባል። መጀመሪያ ገባ ወጣ የሚለው ቀላሉ ስፌት ይታያል። ቀጥሎ ጠርዙን እየዞረ የሚሄደው ስፌት ይመጣል። እዚህ ላይ ፈታኙ ሆን ብሎ ሁለት ስህተት ያስገባል፦ አንድ ቦታ ጠፍሩን ይጠመዝዛል፣ ሌላ ቦታ ከጀርባ ያቆላልፈዋል። የሚታየው ሰውየው ስህተቱን ያስተውላል ወይ፣ ያርማል ወይ፣ በምን መንገድ የሚለው ነው። ሦስተኛው ነጠላ ኮርዶቫን የሚባለው ስፌት መጀመሪያ አይታይም፤ የተሰፋውን ናሙና እያየ ራሱ እንዲደርስበት ይጠየቃል። ውጤቱ ከ3.0 እስከ 5.8 ይሰጣል። በግርድፉ በመጀመሪያው ስፌት ብቻ የሚቆም ሰው ድጋፍ በቅርብ ያስፈልገዋል፤ ሦስተኛውን በመሞከርና በመሳሳት የሚደርስበት ሰው አዲስ ነገር ራሱ መማር ይችላል።

የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ዓይኑ የደከመ ወይም ጣቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው ውጤቱ ዝቅ ይልና የማሰብ ችግር ይመስላል፤ ለደካማ ዓይን በትልቁ የተሠራ ቆዳ አለ። ቆዳ መስፋት ሙያው የሆነ ሰው ደግሞ ከፍ ያለ ውጤት ያመጣል። ከፈተናው በፊት እንደ ልምምድ አድርጎ ማስተማርም መመዘኛውን ዋጋ ያሳጣል። ውጤቱ ብቻውን ሰውን ቤቱ ለመላክ ወይም ላለመላክ አይበቃም፤ ሻይ ሲያፈላም ሊታይ ይገባል።

ጥያቄ፦ «የእጅ ሥራ ክፍል ስንከፍት ስለ ስለታም ዕቃ ምን እናድርግ?» — የማገገሚያ ማዕከል አስተባባሪ

መልስ፦ መሣሪያው ሁሉ የሚሰቀልበት አንድ ሰሌዳ ያዘጋጁ፤ እያንዳንዱ መቀስ፣ ወስፌና ፒንሳ በቦታው ቅርጹ በቀለም ይሳልለት፤ ባዶ የቀረ ቅርጽ ከሩቅ ይታያል። መርፌዎችን በቁጥር ለጥፈው በቡሽ ላይ ይሰኩ። ከመጀመር በፊትና ካበቁ በኋላ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ሳይሞላ ማንም ከክፍሉ አይውጣ። ራሱን የመጉዳት ስጋት ላለበት ሰው ገመድና ረጅም ዘንግም እንደ ስለት ይቆጠሩ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው በኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ አያስቀምጡት። ማጣበቂያው በውኃ የሚሟሟው ዓይነት ይሁን፤ ሽታው የሚያዞረው ሌላው ዓይነት መስኮት በተከፈተበት ክፍል እንኳ ለሳንባ ታማሚ አይሆንም። እንጨት በሚፋቅበት ጊዜ አቧራው ከመበተኑ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ በመጥረጊያ ከጠረጉት ወደ አየር ይመለሳል።